ሁለተኛው ልክ

ማክሰኞ ጠዋት ወዳጃችን መርዕድ ደውሎ "እትዬ ደብሪቱ፣ ሲስተር የሺመቤት አረፈች" ሲለኝ፣ "ድጋሚ ጠይቅና ደውልልኝ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። መርዶ የተነገረው ሰው እንዲህ አይልም። ያለቅሳል፣ ደረቱን ይመታል። እኔ ግን ከእሷ ጋር ካሳለፍኳቸው ዓመታት ወዲህ አንድን ነገር አንዴ ሰምቶ ማመን ቀርቶብኛል። መርዕድም ይህን ስለሚያውቅ አልተቀየመኝም። ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለና "ልጇን ራሷን ጠየቅኋት፤ እውነት ነው" አለኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እንደ ተማረ ሰው አሳምሬ መጻፍ አልችልም። በቀብሯ ቀን ግን የተማሩት ጽፈውላት የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ሰማሁ። የተወለደችበት ደሴ ተነሣ፣ የተማረችው ተነሣ፣ የሠራችባቸው ሆስፒታሎች ተዘረዘሩ። ከዚያ አንባቢው "ለዩኒቨርሲቲ የቦርድ አባልነት ተወዳድራ ሳይሳካላት ቀርቷል" ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ሳይሳካላት! ቀብር ባይሆን ኖሮ ተነሥቼ አስቆመው ነበር። ይህን የምጽፈው በዚያች አንድ ቃል ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ያወቅኋት በጠብ ነው። ባሕር ማዶ በምንኖርባት ሊልበርን ከተማ ከአንድ የአበሻ ሱቅ ጀርባ ሰፊ ክፍል አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጡረታ የወጣነው እዚያ እንሰበሰባለን። ሲስተር ሳምንቱን ሙሉ ደንዉዲ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ስትሠራ ትሰነብትና፣ ቅዳሜ ማረፍ ሲገባት መሣሪያዋን በዘንቢል ይዛ መጥታ የደም ግፊታችንን ትለካልን ነበር። የዚያን ቀን ወረፋ ይዤ ሳለ፣ ሱፍ የለበሰ አንድ የቤት ደላላ ከኋላ መጥቶ ከፊቴ ተደነቀረ።

"ወንድሜ፣ እኛ እዚህ የተደረደርነው ለጌጥ ነው?" አልኩት።

"እማማ፣ ቸኩያለሁ።"

"እኔም ቸኩያለሁ። ከሁለታችን ለመሞት የቀረብኩት እኔ ነኝ።"

ሰዉ ሳቀ፣ ሰውዬው ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ግን ንዴቱ አልወጣልኝም። ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ ሲስተር ጎንበስ ብላ "ይፍቀዱልኝ" አለችና ክንዴን ያዘች። ይህን ለሁሉም ሰው ትላለች፤ ሳታስፈቅድ የሰው ገላ ስትነካ አይቻት አላውቅም። ለካች። ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ሁለት ጣቷን ቀጥ አድርጋ አሳየችኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ገና ሁለተኛ አለ ማለት ነው። ይሄ የእርስዎ ግፊት አይደለም፤ የሰውዬው ነው። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ።"

"ዝም ብዬ?"

"እሱ እንደሚከብድዎት አሁን አይቻለሁ።"

አምስት ደቂቃ ጠብቃ ስትለካኝ ወርዶ ተገኘ። "አዩ? የመጀመሪያው ልክ የንዴት ነው፤ ሁለተኛው ልክ የሰው ነው" አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ዋልኩ። ልክ ማለት በእኛ አፍ መጠንም ነው፣ እውነትም ነው።

ሁሉንም ሰው እንዲህ ሁለት ጊዜ ስለምትለካ ወረፋው አያልቅም ነበር። ሐጂ ኑሪ፣ የሁላችንም ታላቅ፣ "ምነው ሥጋ ሻጮቹ ባንቺ ወጥተው ቢሆን!" እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷ ግን ወይ ፍንክች። ሳምንቱን ሥራ ሰንብታ የመጣች ሴት፣ ጉልበቷን እያመማት፣ ሠላሳ ሰው ካለ ስድሳ ጊዜ ትለካለች። አንዴ "ለምን እንዲህ ትደክሚያለሽ?" ብላት፣ ደሴ እያለች አንድ አዛውንት ከሩቅ አገር በእግራቸው መጥተው፣ ላባቸው ሳይደርቅ አንዴ ብቻ ለክታቸው መድኃኒት እንደተሰጣቸው፣ መድኃኒቱም ከመንገድ እንደጣላቸው ነገረችኝ። "ተርፈዋል" አለች። "እኔ ግን እሳቸውን ዛሬም እየለካኋቸው ነው።"

ወደዚህ አገር የመጣችው በዲቪ ነው። ደሴ ያን ሁሉ ዓመት ነርስ የነበረችበት ወረቀት እዚህ አልሠራላትም። እንደገና ከሀ ጀመረች። ቀን ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ትውላለች፣ ማታ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የማታው የነርሶች ክፍል ትማራለች። ተመርቃ ሥራ ከያዘች በኋላም ያን ክፍል አልተወችውም። በወር አንድ ቀን ሄዳ አዲሶቹን ተማሪዎች በነፃ ታለማምድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ መሣሪያዋን ከሰበሰበች በኋላ ቆመችና "አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለዩኒቨርሲቲው ቦርድ ረን ላደርግ ነው" አለች።

ሐጂ ኑሪ ጉልበቷን አዩና "በዚህ እግርሽ? ለመሆኑ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" አሏት።

እሷ ለመመለስ አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ፣ ከሆስፒታል ተፈልጋ ወጣች። እኛም ሳምንቱን ሙሉ በዚሁ ጉዳይ ስንወያይ ሰነበትን። ለበጎ አድራጎት የሚሮጥ ሰው እዚህ አገር ብዙ ነው፤ ስድሳ የተጠጋች ሴት መሮጧ ግን አሳሰበን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያዘጋጀሁትን በሶ በጠርሙስ ይዤላት ሄድኩ። "ልትነሺ ስትይ በጥብጠሽ ጠጪው፤ ጉልበት ይሆንሻል" አልኳት።

እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "እትዬ ደብሪቱ፣ ሩጫ አይደለም እኮ፤ ውድድር ነው! ምርጫ!"

"ታዲያ ሯጭ ምን ያደርጋል? አይወዳደርም?" አልኳት። በሶውን ግን ወሰደችው።

ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችን። ቦርድ ማለት ዩኒቨርሲቲውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ናቸው፤ የትኛው ክፍል ይከፈት፣ የትኛው ይዘጋ የሚሉት እነሱ ናቸው። ሌሎቹ ሁሉ በሹመት ይገባሉ፤ አንዱ ወንበር ግን ከዚያ የተመረቁ ሰዎች በድምፅ የሚመርጡት ነው። አሁን ቦርዱ የማታውን የነርሶች ክፍል ሊዘጋው እያሰበ ነው። ተማሪው ጥቂት ነው፣ ቀን መጥቶ ይማር ይላሉ።

"ቀን የሚሠራ ሰው እንዴት አድርጎ ቀን ይማራል?" አልኩ።

"ይህን የሚጠይቃቸው ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ የለም። ለዚህ ነው የምገባው።"

"እኔ እመርጥሻለሁ።"

"የሚመርጠው የተመረቀ ብቻ ነው፣ እትዬ።"

"አራተኛ ክፍልን አይቆጥሩልኝም?"

"አይቆጥሩም።"

"እንግዲያው ድምፅ ባይኖረኝም አፍ አለኝ" አልኳት።

እውነትም አፌን ይዤ ዘመትኩ። መርዕድ ጡረታ የወጣ የሊሞ ሾፌር ነው፤ ቫኑን አመጣ። የልጅ ልጄ ቤዛ የሚመርጡትን ልጆች ስምና አድራሻ በስልኳ ያዘች። "አያቴ፣ ሊስቱን እኔ ሃንድል አደርገዋለሁ፣ አንቺ ብቻ ቶክ አድርጊ" አለችኝ። አንቺ ትለኛለች፤ እዚህ ያደገች ናት፣ ትቼዋለሁ። ፒችትሪ ኮርነርስ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ፣ በምሳ ሰዓት ከየሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ፣ ከቤተ ክርስቲያን በር፣ ከመስጊድ በር እየቆምን ከማታው ክፍል የተመረቁትን አንድ በአንድ አገኘን። የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ እቤታቸው ድረስ ይመጣላቸዋል፤ ሞልተው፣ ፖስታው ላይ ፈርመው መልሰው መላክ ነው። ከባድ ነገር አልነበረም። የሰው ስንፍና ግን ከባድ ነው።

"አልደረሰኝም እማማ።"

"ደርሶሃል። ከማስታወቂያው ጋር ጥለኸው ይሆናል። ሂድና ቆሻሻህን ፈትሽ!"

ከዚህ በኋላ የምናገረው አያኮራኝም። አንዷ ነርስ፣ ደግ ልጅ ናት፣ ወረቀቷን ባዶውን ፈርማ ሰጠችኝና "እማማ፣ ጊዜ የለኝም፤ እርስዎ ይሙሉልኝ፣ አደራ" አለችኝ። አደራ ስትል ደስ አለኝ። በእኛ ልማድ አደራ የሰጠህ ሰው አክብሮሃል። ለሌሎቹም ነገርኳቸውና በሦስት ቀን ስድስት የተፈረመባቸው ባዶ ወረቀቶች ሰበሰብኩ። ቅዳሜ ለሲስተር በስጦታ መልክ ከነጠላዬ ስር አውጥቼ ዘረጋሁላት።

አየቻቸው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቶቹን ሰብስባ እጄ ላይ መልሳ "እትዬ ደብሪቱ፣ ወረፋ ላይ ከፊትዎ የተደነቀረውን ሰውዬ ያስታውሱታል?" አለችኝ።

"እንዴት እረሳዋለሁ?"

"ዛሬ እርስዎ ነዎት ሱፍ የለበሱት።"

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሚዛን ጉዳይ ያልተጣላሁት ባለ ሱቅ የለም፣ በተራ ጉዳይ ያልጮህኩበት መሥሪያ ቤት የለም። ለፍርድ ነገር እኔን የሚያህል የለም ብዬ እኖር ነበር። የዚያን ቀን ግን ከእኔ የምትበልጥ ሴት አየሁ። መርዕድ ሃይዌዩን በዚያ ሁሉ መኪና መሐል ይዞኝ፣ ስድስቱንም በየቤታቸው እየዞርን መለስንላቸው። "ልጄ፣ ይህ አደራ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ራስሽ ሙዪው፣ የፈለግሽውን ምረጪ" እያልኩ። "የፈለግሽውን" የምትለዋ ቃል ከአፌ ስትወጣ እንደ እሾህ ነበረች። ከስድስቱ ስንቱ መልሰው እንደላኩ ጠይቄ አላውቅም። እስከ ዛሬ ያልጠየቅሁት ስለምፈራ ነው።

የቆጠራው ቀን ረፋድ ላይ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ተሰበሰብን። ተፎካካሪዋ ረጅም፣ ሽበታም ሰውዬ ነበር፤ የሕንፃ ሥራ ድርጅት አለው፣ ከቀድሞዎቹ ምሩቃን ነው። ቆጣሪዎቹ ጨርሰው የምርጫው ኃላፊ ሴትዮ ውጤቱን ስታነብ ቤዛ ጆሮዬ ላይ "አያቴ፣ ሲስተር በስምንት ድምፅ እየመራች ነው!" ብላ ጮኸች። እልል አልን። ሰውዬው ኮቱን አነሣ፣ እጁን ዘርግቶ እንኳን ደስ አለሽ ሊላት መጣ።

ከዚያ ሴትዮዋ አንድ ነገር ጨመረች። ቤዛ እየተረጎመችልኝ ነበር። ከአንዱ ጠረጴዛ ላይ ፊርማቸው ግልጽ ያልሆነ ጥቂት ፖስታዎች ወደ ጎን ተደርገዋል። ከተወዳዳሪዎቹ ማንም ካልጠየቀ እንደዚያው ይቀራሉ። የሚጠይቅ ካለ ግን አሁን ይናገር፤ እነሱም ገብተው ሁሉም እንደገና ይቆጠራል።

ሰውዬው አልጠየቀም። ደክሞት ይሁን ኮርቶ አላውቅም።

ሲስተር የሺመቤት ግን ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ሁለት ጣቷን አቆመች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የእኛ ልጆች የድል ምልክት መስሏቸው እነሱም ሁለት ሁለት ጣት እያነሡ ጨፈሩ፣ ስልክ አውጥተው ፎቶ አነሷት። እኔ ብቻ አልጨፈርኩም። ያቺን ሁለት ጣት አውቃታለሁ።

"መርዕድ፣ አስቁማት" አልኩት።

"ምኗን ነው የማስቆመው? አሸንፋ የለ!"

"አላሸነፈችም። ይለካ እያለች ነው!"

ጭብጨባው ሲበርድ ተጠግታ ፖስታዎቹን አሳዩኝ አለች። አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃን አቀረበችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የተናገረችውን ቤዛ ነገረችኝ፦ "ይሄ የተሳሳተ ፊርማ አይደለም። የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። ሠላሳ ዓመት የሽማግሌ እጅ ይዤ ኖሬያለሁ፣ አውቀዋለሁ። እጁ ስለተንቀጠቀጠ የሰው ድምፅ አይጣልም።"

የእኛ ሰዎች ዙሪያዋን ከበቧት። አንዱ "ሲስተር፣ አብደሻል? የሽማግሌዎቹ ድምፅ የእሱ ነው!" አላት። እሷም ታውቃለች። የማታው ክፍል ልጆች እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ዕድሜያቸው ገና ነው። በፖስታዎቹ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቀው ነርሷ ነበረች። "ይቆጠር" አለች።

ተቆጠረ። ሰውዬው በሦስት ድምፅ በለጠ።

በመርዕድ ቫን ተመለስን። እኔ ዝም ማለት እንደሚከብደኝ ይታወቃል። "አሸንፈሽ ነበር እኮ! በእጅሽ ገብቶ ነበር! እነዚያ ማታ የሚማሩ ልጆችስ? ለእነሱ ስትይስ ዝም ብትዪ?" አልኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያመማት መሆኑን ያወቅሁት ጉልበቷን ሳይሆን ደረቷን ስትይዝ ነው። እሷም ፈልጋው ነበር፤ ያን ወንበር ከማንም በላይ ፈልጋው ነበር።

"እትዬ፣ እነዚያን ሽማግሌዎች ጥዬ ብገባ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ 'እነዚህን ልጆች አትጣሉ' የምለው በየትኛው አፌ ነው?" አለችኝ።

 

እኔ አበቃ ብዬ ነበር። እሷ ግን የቦርዱ ስብሰባ ለሁሉም ክፍት መሆኑን፣ ስሙን ላስመዘገበ ሰው ሁሉ ሦስት ደቂቃ እንደሚሰጥ ጠይቃ ደርሳበት ነበር። በእያንዳንዱ ስብሰባ ስሟን አስመዘገበች። እኔም አብሬያት እየሄድኩ ከኋላ እቀመጥ ነበር። ተነሥታ "ስሜ የሺመቤት ነው። ነርስ ነኝ። የተማርኩት ማታ ነው" ትላለች፤ ከዚያ ስለ አንድ ተማሪ ትናገራለች። በእያንዳንዱ ጊዜ ስለ ሌላ ሰው። አንድ ቀን ፎቅ ስለምታጸዳ እናት፣ አንድ ቀን ታክሲ ስለሚነዳ የሦስት ልጆች አባት። ሰዓቱ ሲጮህ በአረፍተ ነገሩ መሐል እንኳ ብትሆን "አመሰግናለሁ" ብላ ትቀመጣለች። የእሷን ሦስት ደቂቃ አራት ስታደርገው አላየሁም። የቦርዱ ሰዎች ስልካቸውን ይነካካሉ። ያ ያሸነፋት ሰውዬ ግን ከሁለተኛው ስብሰባ ጀምሮ እስክሪብቶ ይዞ ይጽፍ ነበር።

ክፍሉ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚለው ቀረበ። እጅ አወጡ፤ ይዘጋ የሚለው በለጠ። ሲስተር ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። ሊቀመንበሩ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ሊያልፍ ሲል ሰውዬው እጁን አነሣ፣ ረጅም ንግግር አደረገ፣ ወደ እኛ ወንበር አመለከተ። ቤዛን ጎሰምኳት።

"ምን ይላል?"

"አንድ ማታ ሄደን ክፍሉን በዓይናችን ሳናይ የሰጠነው ድምፅ አይበቃም፣ እንይና እንደገና ድምፅ እንስጥ ይላል። ያቺ ሴትዮ ይህን አድርጋልኛለች አለ። 'አድርጋብኛለች' አላለም አያቴ፤ 'አድርጋልኛለች' ነው ያለው።"

ሄደው አዩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ለሁለት ዓመት ይቆይ አሉ። ለዘላለም አላሉም፤ ለሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ሲስተር እንደገና ስሟን አስመዘገበች፣ እንደገና ተራዘመ። ዛሬም ክፍሉ ክፍት ነው። ይህ እንግዲህ "ሳይሳካላት" የተባለው ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ከመሞቷ ሦስት ቀን በፊት፣ ሆስፒታል ተኝታ ነው። ልጇ ልብስ ልታመጣ ወጥታ እኔና ቤዛ አጠገቧ ነበርን። ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም፤ ዓይኗም ተከድኖ ነበር። አንዲት ወጣት ነርስ ገባች፤ የእኛ አገር ልጅ አይደለችም። ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለችና፣ ጥቂት ጠብቃ ክንዷን ያዘች። ለካችና ጻፈች። ጨርቁን ልትፈታ ስትል ከአንሶላው ስር የሲስተር እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። ሁለት ጣት።

አሁን እጇ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልነግራት ተነሣሁ፤ እንግሊዝኛው ከየት ይምጣ? ግን ልጅቷ የእኔን ማስረዳት አልጠበቀችም። ፈገግ አለች፣ ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፣ ሰዓቷን አየች። አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ተቀመጠች። ውጭ የምትጣደፍበት ስንት ሥራ እያለ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

"ቤዛ፣ የት ነው የተማረችው ብለሽ ጠይቂልኝ" አልኩ።

ቤዛ ጠየቀቻት። ልጅቷ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳታነሣ መለሰች።

"ማታ ነው አያቴ። የማታው ክፍል።"

አምስቱ ደቂቃ ሞላ። ልጅቷ እንደገና ጎንበስ አለች፣ እንደገና ያንኑ ቃል ተናገረች። "ይፍቀዱልኝ ነው የምትለው" አለችኝ ቤዛ። ለካች። ቁጥሩን አላየሁትም፤ አልጠየቅሁም። ሲስተር የሺመቤት ዓይኗን ገለጠች፣ ልጅቷን ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ልክ ነው" አለች።